የእትዬ የሺዓለም ደረጃ

ሙኒር ዘይኑዲንን በሩቅ የሚያውቁት ሰዎች ዝምተኛ ነው ይሉታል። እኔ ግን እንዲህ አልለውም። እኔ ጋ ሲመጣ ወሬው አያልቅም፤ ከታክሲ ወረፋ እስከ ኳስ፣ ከኳስ እስከ ጎረቤቱ ጠብ ድረስ ያወራል። ዝም የሚለው መናገር የሚገባው ቦታ ላይ ብቻ ነው። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ማተሚያ ቤቴ ከምኒልክ አደባባይ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ናት። ማተሚያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒ እና እንደ አንሶላ ሰፊ ወረቀት የሚያትም አንድ ማሽን ነው ያለኝ። ከጎኔ ባለው ግቢ ውስጥ የጋሽ ፍቅሬ ብረታ ብረት ቤት አለ። ደረጃ፣ የበረንዳ መደገፊያ፣ በርና መስኮት ይሠራሉ። ሙኒር ንድፉን በኮምፒውተር ይሠራል፣ እኔ አትማለሁ፣ በያጆቹ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው እያዩ ይቆርጣሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖረናል።

አባቱ ከወሎ መጥተው ለጋሽ ፍቅሬ ሲበይዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሙኒር ገና ተማሪ ሳለ ታመው ሞቱ። ጋሽ ፍቅሬ ልጁን አልጣሉትም፤ ዩኒፎርም ገዙለት፣ ቴክኒክና ሙያ አስገቡት፣ ሲመረቅ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡት። ባለቤታቸው እትዬ የሺዓለም ደግሞ ለእሱ ብቻ የሚያበስሉባት ትንሽ ሰማያዊ ድስት ነበረቻቸው። ፋሲካም ሆነ ገና ሲደርስ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ያስመጡና በዚያች ድስት ይሠሩለታል። የቤቱ ሥጋ እንዳይነካት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ሙኒር ስለዚያች ድስት ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። የልጅነቱን ነገር ስጠይቀው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረኝ እሷን ነበር።

የሚሠራበት ፕሮግራም አጠገቡ ተቀምጬ ስላየሁ ጥቂት ገብቶኛል። ደረጃ ሲሠራ እያንዳንዷን ለብቻዋ አይስላትም፤ ሁሉንም እርስ በርስ ያስራቸዋል። የአንዷ ደረጃ ከፍታ ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ያለው ተለክቶ፣ ለደረጃዎቹ ብዛት ተካፍሎ የሚመጣ ነው ብሎ ይጽፍላታል። መደገፊያው ደረጃውን ተከተል ይባላል። ብሎኑ ደግሞ መደገፊያውን ይከተላል። ይህን ማሰሪያ እነሱ ሪሌሽን ይሉታል። የወለሉን ከፍታ ሲቀይር ሁሉም ራሱን ያስተካክላል፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጥንቆላ ነው ብዬ ስቄበታለሁ። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የታሰረበት ነገር ሲጠፋ ነው። ላይኛውን ወለል አጥፍቶ እንደ አዲስ የሳለ ሰው፣ ያ ሁሉ ደረጃ የሚለካበትን አሳጣው ማለት ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ሪሌሽኑ ልክ አይደለም እያለ ከላይ እስከ ታች በቀይ ይሞላል።

ሙኒር ቀይ ሲያይ አይደነግጥም። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይወርድና የመጀመሪያዋን ቀይ ያገኛታል። “አንቺ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?” ይላታል። የጠፋባትን ፈልጎ መልሶ ሲያስይዛት ከእሷ በታች ያሉት አብዛኛዎቹ አብረዋት ይድናሉ።

“ለምን ዝም ብለህ አትሰርዘውም?” አልኩት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት አልፎብኝ ስጠብቀው።

“ከሰረዝሽውማ ዝም ይላል ሜሊ። ቁጥሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወለሉ ሰማይ ቢደርስ ደረጃው አይሰማም። ቀይ ሲሆን እኮ የጠፋበትን እየነገረሽ ነው።”

ይህን ብሎ ዳቦውን ገመጠ።

ቃለጽድቅ የጋሽ ፍቅሬ አንድያ ልጅ ነው። ይህን ስም ላወጣለት ሰው ይብላኝ። ክፉ ነው አልልም፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እጁም ለሰው ይፈታል። ነገር ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ አባቱ ሥራ ሲገባ የሙኒርን ንድፎች እየከፈተ መነካካት ጀመረ። ደንበኛ “ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ” ሲለው አንዱን ነገር ያጠፋል፣ ሌላ ይስላል፣ ቀዩ ይፈላበታል። ቀዩን ሁሉ ጠቅልሎ ይመርጥና ይሰርዘዋል። “ኧረ አቦ፣ ጠፋች አይደል እንዴ!” ብሎ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ስከፍተው ንጹሕ ነው። አንድ ቀይ የለበትም።

ሙኒር ምሳ ሰዓት ላይ የሚታተመውን ሊወስድ ሲመጣ ከማተሜ በፊት በእኔ ኮምፒውተር ይከፍተዋል። የወለሉን ቁጥር ነካ ያደርጋል፤ ደረጃው ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ ይገባዋል። ተቀምጦ የተሰረዘውን ሁሉ እንደገና ያስረዋል። ሲጨርስ እኔ አትማለሁ፣ እሱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ በያጆቹም ይቆርጣሉ። ደረጃው ልክ ሆኖ ይገጠማል፤ ደንበኛውም ቃለጽድቅን ያመሰግናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነበር ሥራው።

“ለጋሽ ፍቅሬ ንገራቸው” እለዋለሁ።

“ምን ብዬ? ልጅዎ አይችልም ልበላቸው? ባሳደጉኝ? ወጪት ሰባሪ ልባል?”

“ለራሱ ለቃለጽድቅ ንገረው እንግዲያ።”

“ያፍርብኛል። ቀስ እያለ ይማራል።”

“ስህተቱን ሳያየው በየት በኩል ነው የሚማረው? አንተ እየተከተልክ እየጠረግክለት!”

ይስቃል። ይሉኝታው ከልቡ አልፎ ፊቱ ላይ ይታያል፤ እንዲህ ሲሆን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ ፍቅሬ ልጃቸው ሥራውን እንደያዘው አምነው፣ ከእንግዲህ ኃላፊው ቃለጽድቅ ነው ብለው በሠራተኛው ፊት የተናገሩ ቀን፣ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ሙኒር ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ከዚያ ፒያሳ ፈረሰ። የእኛ ቁልቁለት ለጊዜው ተረፈ። የእነ ጋሽ ፍቅሬ የጥንት ቤት ግን ጊዮርጊስ ጀርባ ስለነበር ከፈረሱት ጋር ሄደ። ሰሚት አካባቢ የጀመሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበራቸውና፣ ታችኛው ወለል ብቻ ተነጥፎ፣ ላይኛው ገና ሲሚንቶ ሆኖ ዕቃቸውን ጭነው ገቡ። የውስጡን ደረጃ ሙኒር ተረከበ። እንደዚያ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም። የእትዬ የሺዓለም ጉልበት ያማቸዋልና፣ የደረጃዎቹን ቁጥር አብዝቶ እያንዳንዷን ዝቅ ዝቅ አደረገላቸው። “እንደ ሜዳ ነው የሚወጡት” አለኝ ደስ ብሎት። የላይኛው ወለል ሴራሚክ ሳይነጠፍ ብረቱ እንዳይቆረጥ፣ ከተነጠፈ በኋላ ራሱ መጥቶ እንደሚለካ ለቃለጽድቅ ደጋግሞ ነገረውና አረፋን ከዘመዶቹ ጋር ሊውል ወሎ ወረደ።

እሱ በሄደ ሰሞን ሴራሚኩ ተነጠፈ። የላይኛው ወለል ጠማማ ኖሮ ለማስተካከል ሲሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። የቤት ምርቃቱ ቀርቦ ነበር፣ እንግዳ ተጠርቷል። ቃለጽድቅ ሙኒርን አልጠበቀም። ለክቷል፣ ይህን አልነፍገውም፤ ልኬቱም ትክክል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የድሮውን ወለል አጠፋ፣ አዲሱን በአዲሱ ቁመት ሳለ። ቀዩ ፈላበት። ሰረዘው።

“ሜሉ፣ ባክሽ ቶሎ አትሚልኝ፤ በያጆቹ ቆመዋል” ብሎ ላከልኝ። ከፈትኩት። ንጹሕ ነበር፣ አተምኩት። የማተሚያ ቤት ሥራ ማተም ነው።

ደረጃዎቹ በድሮው ቁመት ተቆርጠው ተበየዱ። የጎደለው አራት ጣት በሙሉ የመጨረሻዋ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ እሷ ብቻዋን ብድግ ያለች። ገጣጣሚዎቹ “የላይኛዋ ከፍ ብላለች” ቢሉት፣ “ትለመዳለች” አላቸው አሉ።

የምርቃቱ ዕለት ሁሉም በደስታ አለፈ። በማግሥቱ እትዬ የሺዓለም የታጠበ አንሶላ ታቅፈው ሲወጡ፣ እግራቸው ዝቅታውን ለምዶ ሳለ ያቺ የመጨረሻዋ ጣታቸውን ያዘችው። ወደ ኋላ ተንከባልለው ወረዱ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ።

ሙኒር ከአውቶብስ ወርዶ ቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ከዚያ ሰሚት ሄዶ ሜትሩን አውጥቶ ያቺን ደረጃ ለካት። ከዚያ እኔ ጋ መጣ። ሰላም ሳይለኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ ንድፉን ከፈተ፣ የወለሉን ቁጥር ነካ አደረገ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። “ሰርዞታል” አለኝ። የያዘውን የአረፋ ኩኪስ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ወጣ።

ያቺ ደረጃ የማን ሥራ ናት ሲባል ሰው ሁሉ የሙኒር ነው አለ። ምኑ ይገርማል? ንድፍ የሚባል ነገር ሁሉ የእሱ ነበር። ቃለጽድቅም “ንድፉ የሙኒር ነው” ብቻ ነው ያለው። ይህም ውሸት አይደለም። ጋሽ ፍቅሬ አልተቆጡም፤ “ለጊዜው ትንሽ ዕረፍ” ብለው ሰው ላኩበት። ማረፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም።

እኔ ግን የሙኒር ዓይነት ሆድ የለኝም። ግቢያቸው ሄድኩ። ጋሽ ፍቅሬ በሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሰሞን አሥር ዓመት አርጅተው ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የምሳ ሰዓቱን፣ የሚሰረዘውን፣ መልሶ የሚታሰረውን፣ ያን ያለ እሱ የታተመውን ወረቀት። ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ሜላት” አሉኝ፣ “ሙኒርን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ይደብቃል? አባቱ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። እሱም አይዋሸኝም።”

“ይጠይቁት እንግዲያ!”

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

“ሙኒር፣ ሜላት አጠገቤ ቆማለች። ቃለጽድቅ የሚያበላሸውን አንተ ስታስተካክል ኖረሃል፣ የእናቱንም ደረጃ ያበላሸው እሱ ነው ትለኛለች። እውነት ነው?”

ስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። እኔ በልቤ ተናገር፣ ዛሬ እንኳ ተናገር እለዋለሁ።

“አይ ጋሼ” አለ። “ሜሊ ተቆርቁራልኝ ነው። ንድፉ የእኔ ነው።”

“ሰማሽ” አሉኝ ጋሽ ፍቅሬ ስልኩን እየዘጉ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይናቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ነው፤ በሰው ልጅ ላይ ስም የምለጥፍ ሴት ሆኜ ታየኋቸው። እንደዚያን ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

ሙኒር ማተሚያ ቤቴ ሲመጣ ከበሩ ተቀበልኩት። “ውሸታም አደረግከኝ!” ብዬ ጮኽኩበት፣ ደንበኛ እያየኝ።

“ልጅዎ እናቱን ሰበራቸው ልበላቸው ሜሊ?” አለኝ። “እኔ ብወጣ ሠራተኛ ወጣ ነው የሚባለው። እሱ ነው ከተባለ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ እንዴት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ?”

“አንተስ? አንተ ለእነሱ ማን ነህ?”

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። እኔም መጠየቄ ቆጨኝ።

የታመመ መጠየቅ ግድ ነውና፣ እትዬ የሺዓለም ከሆስፒታል ሲወጡ ብርቱካን ይዘን አብረን ሄድን። ፎቅ መውጣት ስለማይችሉ አልጋቸው ሳሎን ተዘርግቷል፣ ከደረጃው ሥር። ሙኒርን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉለት። እጁን ይዘው አለቀሱ።

“ምነው ልጄ? ምነው ለእኔ እንኳ ሳትጠነቀቅልኝ?”

ሙኒር ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። “ይቅር ይበሉኝ እትዬ” አላቸው።

“ይቅር ብዬሃለሁ። ፈጣሪም ይቅር ይበልህ። አውቀህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ።”

ቃለጽድቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያመጣነውን ብርቱካን ይልጥ ነበር። ቀና አላለም። አንዷን ክፋይ ለእናቱ አጎረሳቸው፣ አንዷን ደግሞ ለሙኒር ሰጠው። ሙኒር ተቀበለና በላት። ከእጁ ላይ መንትፌ ብወረውራት ደስታዬ ነበር።

ልንወጣ ስንል “ቃልዬ፣ ሸኛቸው” አሉ እትዬ። እስከ ውጪው በር አብሮን መጣ። እዚያ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ “ሙኒ” አለው። “ደረጃዋን እንደገና ልሠራት ነበር። ግን ቁጥር ስቀይርባት ምንም አትንቀሳቀስም። ቀይ እንኳ አታወጣም። ምን ላድርግ?”

ይሄኔ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ይሄኔ ይሰድበዋል፣ ይሄኔ አንቆ ይይዘዋል። ሙኒር ዘወር ብሎ ወደ ቤቱ አየ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመችው መኪና ኮፈን ላይ፣ አቧራው ላይ፣ በጣቱ ሁለት መስመር አሰመረ። አንዱ ታችኛው ወለል፣ አንዱ ላይኛው።

“የሰረዝከውን አታገኘውም። እንደ አዲስ እሰራቸው” አለው። “ከዚህ ጀምር፣ ከላይኛው ወለል። ጠቅላላውን ከዚህ እስከዚህ አስይዘው፣ ከዚያ ለብዛታቸው አካፍለው። መደገፊያውን መጨረሻ ላይ አምጣው። አንዱ ቀይ ካለህ እሱን ሳታድን ወደሚቀጥለው አትለፍ። ደግሞ ቁጥራቸውን አትቀንስ። እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።”

ቃለጽድቅ አቧራው ላይ የተሠመረውን በስልኩ ፎቶ አነሳው። “ተባረክ ሙኒ” አለው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ ይህንንም አልክድም። እንባው ግን ወደ ቤት ገብቶ አልተናገረም።

ሙኒር አሁን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚሠሩ ሰዎች ጋ ነው። አንዳንዴ ይደውልልኛል፤ ቁም ሣጥን ምንም ከባድ ነገር እንደሌለው፣ አለቃው ጥሩ ሰው እንደሆነ ይነግረኛል። እነ ጋሽ ፍቅሬ ደህና መሆናቸውን ሳይጠይቀኝ ስልኩን አይዘጋም። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ጋ የሚመጣ የለም።

ዘንድሮ ለፋሲካ እነ ጋሽ ፍቅሬ ጠሩኝ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ጎረቤት ሲጠራ ግን ምን ተብሎ ይቀራል? ሄድኩ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ደረጃው እንደገና ተሠርቷል። ከሥሩ፣ ጥግ ላይ፣ ያቺ ትንሽ ሰማያዊ ድስት ተቀምጣለች። አፈር ተሞልታ ጤና አዳም ተተክሎባታል።

እጄን ልታጠብ ወደ ላይ ወጣሁ። ሆን ብዬ ቀስ አልኩ፣ እግሬ እያንዳንዷን እንዲያውቃት። ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ጉልበት የማይጠይቁ። አንዷም ከአንዷ አትበልጥም። የመጨረሻዋ እንደ መጀመሪያዋ ናት። የማን እንደሆነች እግሬ ነገረኝ።

ስመለስ እትዬ የሺዓለም በምርኩዛቸው ቆመው ከታች ወደ እኔ ቀና ብለዋል። ፊታቸው በርቷል።

“አየሽልኝ ሜላት? ቃልዬ ነው እንዲህ አድርጎ የሠራልኝ። ያ ሙኒር ያደረገኝን ታውቂያለሽ፤ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። ልጄ ግን ካሰኝ።”

እንግዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ፍቅሬም ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። ቃለጽድቅ ጠጅ እየቀዳ ነበር፣ እጁ ቆመ። የሚያውቀኝ ሰው አፌን ያውቀዋል፤ ሙኒርን ስንት ጊዜ ሰድቤበታለሁ። የበዓል ቀን ነው፣ ሴትዮዋ በምርኩዝ ቆመዋል፣ ሰሃኔ ታች ጠረጴዛ ላይ ተሞልቶ ይጠብቀኛል።

“እጁ ይባረክ እትዬ” አልኩና መደገፊያውን ይዤ ወረድኩ።